የጋሼ ፈረስና የእኔ አራት ወታደሮች

ጋሼ ፈረሳቸውን ሲያንቀሳቅሱ ድምፅ የለም። ሌላው ሰው እንጨቱን ሰሌዳው ላይ ሲያሳርፍ «ቋ» ያደርገዋል፤ እኔም አደርገዋለሁ፣ በተለይ ደስ ያለኝ ቀን። እርሳቸው ግን እንደ ድመት ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡናው ሳይቀርብ እኔ ነጩን ይዤ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት እገፋለሁ። እርሳቸው በንጉሣቸው በኩል ያለውን ፈረስ ኤፍ6 ወደሚባለው ቤት ያወጣሉ፤ ቤቶቹ የሚጠሩት ከኤ እስከ ኤች ባለው ዓምድና ከ1 እስከ 8 ባለው ረድፍ ነው። ከዚያ እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ይከቱና በመስኮቱ ወደ መንገዱ ያያሉ፤ ሰሌዳው ላይ የሚሆነው ነገር እርሳቸውን የማይመለከታቸው ይመስል። ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው።

ነጩ ሁልጊዜ ለእኔ የሆነው በዕጣ አይደለም። የመጀመሪያው ቀን «ልጅ ነህ፣ አንተ ጀምር» አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ስለ ዕጣ አንስቶ አያውቅም። ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር።

ያ የፈረስ እርምጃ ቼዝ ገና ለሚማር ልጅ ስሕተት ይመስለዋል። ፈረሱ የሚቆመው ወታደሬ አንድ ቤት ቢራመድ ሊያባርረው በሚችልበት ቦታ ነው። አባራሪው ደግሞ ምንም አይከፍልም፣ እንዲያውም መሬት ያተርፋል። ስለዚህ አባርረዋለሁ፤ ወታደሬ ኢ5። ፈረሱ ወደ ዲ5 ይዘላል። ዲ4 እላለሁ፤ ዲ6 ይላሉ። ሲ4 ብዬ ፈረሱን ዳግመኛ አስነሳዋለሁ፤ ወደ ቢ6 ይሸሻል። ከዚያ ኤፍ4 እገፋና ወንበሬን ደገፍ እላለሁ። አምስት ጊዜ ተራምጃለሁ፤ አምስቱም የወታደር እርምጃ ነው። ከሲ እስከ ኤፍ አራት ወታደሮች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የሰሌዳውን ወገብ ይዘዋል። ጋሼ በበኩላቸው ከአራት እርምጃቸው ሦስቱን በአንድ ፈረስ ጨርሰዋል፤ ያ ፈረስም አሁን ዳር ላይ፣ እንደተቀጣ ተማሪ ጥግ ይዞ ቆሟል።

ቡናውን ይዞ የሚመጣው አስተናጋጅ ቼዝ አያውቅም፤ ሰሌዳውን ባየ ቁጥር ግን «ዛሬስ አሸነፏቸው!» ይለኛል። በዚያች ሰዓት ማንም ሰው እንደዚያ ይላል። መሬቱ የእኔ ነው፣ አየሩም የእኔ ነው። እንግዲህ ቡናው ከሁለተኛው አልፎ ሦስተኛው ሲኒ እስኪደርስ ድረስ ነው።

መክፈቻው የአሌኪን መከላከያ ይባላል፤ እኔ የምመልስበት መንገድ ደግሞ የአራቱ ወታደሮች ጥቃት። አሌክሳንደር አሌኪን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1892 ሞስኮ ውስጥ የተወለደ ሰው ነው። በ1921 ከሶቪየት ምድር ወጣ፤ በዚያው ዓመት ቡዳፔስት ላይ በተደረገ ውድድር ከሃንጋሪያዊው ኤንድሬ ሽታይነር ጋር ሲጫወት ይህን ፈረስ ይዞ ብቅ አለ። እርምጃው ከዚያ በፊት ፈጽሞ ያልታየ አልነበረም፤ ከቁም ነገር የቆጠረውና ስሙን ያሰጠው ግን እርሱ ነው። አገሩን ጥሎ በሄደበት ዓመት የሚሸሽ ፈረስ መፍጠሩን አያይዞ ቆንጆ ነገር መጻፍ ይቻላል፤ እኔ አላያይዘውም። ሰውዬው ከስድስት ዓመት በኋላ በ1927 የኩባውን ካፓብላንካን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ በአጥቂነቱ የሚፈራ ተጫዋች ነበር። ፈረሱንም ያሸሸው ሽሽት ስለሚወድ አልነበረም።

በዚያ ዘመን የነበረውን ክርክር ማወቅ ያስፈልጋል። ከአሌኪንና ከእኩዮቹ በፊት የነበረው ትውልድ፣ በተለይ ጀርመናዊው ሐኪም ዚግበርት ታራሽ፣ መሐሉን በወታደር መያዝን እንደ ሃይማኖት ያስተምር ነበር። ኢ4ና ዲ4 ላይ ሁለት ወታደር ጎን ለጎን ያቆመ ሰው ጨዋታውን በግማሽ እንዳሸነፈ ይቆጠር ነበር። የኋለኞቹ፣ ኒምዞቪች፣ ሬቲ፣ ብሬየር፣ ግሩንፌልድ፣ ሌላ ነገር ይዘው መጡ። መሐሉን መያዝና መሐሉን መግዛት ለየቅል ናቸው አሉ። ሌላው ይያዝ፤ ይስፋ፤ እኛ ከሩቅ በቢሾፕና በፈረስ እናነጣጥርበታለን፣ ከዚያ እግር እግሩን እንመታዋለን። ይህ ሐሳብ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። በ1924 ኒው ዮርክ ላይ ሬቲ ወታደሮቹን ይዞ ሳይንደረደር፣ ስምንት ዓመት ያህል ሽንፈት ያልቀመሰውን ካፓብላንካን አሸነፈ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚያስቀኝ ግን ሌላ ነው። አሌኪን ፈረሱን ቡዳፔስት ላይ ባሳየ በዓመቱ፣ በ1922 ቪየና ውስጥ፣ ከኤርንስት ግሩንፌልድ ጋር ገጠመ። ነጩን የያዘው አሌኪን ነው። ግሩንፌልድም ሆን ብሎ መሐሉን ለቀቀለት፤ ዲ5 ላይ ወታደሩን አስበላ፣ ፈረሱን በፈረስ ለወጠ፣ አሌኪን ሲ3፣ ዲ4፣ ኢ4 ላይ ሦስት ወታደሮች አሰልፎ ሲቆም በረጅሙ መስመር ላይ ያለው ቢሾፕ ከጥግ ሆኖ ይመለከታቸው ጀመር። አሌኪን ተሸነፈ። ያ አከፋፈት እስከ ዛሬ የግሩንፌልድ መከላከያ እየተባለ ይጠራል። «ኑ፣ ያዙ፣ ስፉ» ብሎ ሰውን የሚያባብለው ሰውዬ እርሱም ተባብሎ ያዘ ማለት ነው። ታዲያ እኔ ማን ነኝ?

ጋሼ ይህን ሁሉ የሚያውቁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሶቪየት ኅብረት ለትምህርት ከተላኩት አንዱ ናቸው። የመሬት ቅየሳ ተምረው ተመለሱ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መንገድ የሚያልፍበትን ምድር ሲለኩ ኖሩ። ቼዝ የተማሩት እዚያ በተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ፣ በክረምቱ ከቤት መውጣት በማይቻልበት ወራት ነው። ያስተማራቸው የክፍል ጓደኛቸው አምስት እርምጃ ሳይሄድ ከወንበሩ ተነስቶ ሻይ ያፈላ ነበር ይላሉ፤ በመስኮት የማየቱ ነገር ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በፊት ግን ሌላ ጨዋታ አይተዋል። በልጅነታቸው አጎታቸው ቤት ግድግዳ ላይ ተጠቅልሎ የሚሰቀል ቀይ ጨርቅ ነበረ፤ በጥቁር ጥብጣብ ስምንት በስምንት የተሰመረ፣ ነጭና ጥቁር ቤት የሌለው። ሰንጠረዥ። ዛሬ ይህን ቃል ስንሰማ የሚታየን የበጀት ሠሌዳ ወይም የእግር ኳስ የደረጃ ሰንጠረዥ ነው፤ ቃሉ ጨዋታውን ጥሎ ቢሮ ገባ። ድሮ ግን የመኳንንቱ ቼዝ ስም ነበር። በአሁኑ ቼዝ ንግሥት በምትቆምበት ቦታ ከንጉሡ ጎን ፈርዝ ይቆማል፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ቤት በላይ አይራመድም። ወታደርም ዘሎ ሁለት ቤት አይሄድም፣ ከመጀመሪያዋ እርምጃ ጀምሮ አንድ አንድ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው አጀማመሩ ነው። ተራ የለም። ሁለቱ ተጫዋቾች እኩል ይጀምሩና ማንም ማንንም ሳይጠብቅ እንጨታቸውን እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ሲያወጣ ሌላው ያያል፤ ያኛው ሐሳቡን ሲለውጥ ይኼኛውም ይለውጣል። ይህ የሚቆየው የመጀመሪያው እንጨት እስኪበላ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ይሆናል። የዚህ የአሰላለፍ ጊዜ ስሙ ወረራ ነው። ጋሼ እንደሚሉት አጎታቸው በወረራ ጊዜ እጃቸውን ጨርቁ ላይ አንዣብበው የሌላውን እጅ ብቻ ይጠብቁ ነበር፤ ሌላው አሰላለፉን እስኪገልጥ ድረስ የራሳቸውን አይገልጡም።

«የአሌኪን ፈረስ ሞስኮ ተወለደ ትላለህ» አሉኝ አንድ ቀን። «አጎቴ ቤትም ነበር።»

እውነት ለመናገር ይህ አልተዋጠልኝም። በወረራ ውስጥ ያሰለፍከውን ማፍረስ ትችላለህ፤ ጊዜ አይቆጠርብህም። በቼዝ ግን አንድ እርምጃ ሄዷል ማለት ሄዷል። ፈረሱን ሦስት ጊዜ ማዝለል ዋጋ አለው፤ ጋሼ ያን ዋጋ የሚከፍሉት እኔ ካሣ እንድሰጣቸው ተስፋ አድርገው ነው። ካሣው ምን እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

ሁሉም ሰው ይህን መክፈቻ እንደ ተረት ነው የሚተርከው። ስግብግቡ መሬት አበዛ፣ ብልሁ ታገሠ፣ ስግብግቡ ወደቀ። ጋሼም መጀመሪያ ዓመት ላይ በየሳምንቱ እየረቱኝ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሉኝ ነበር፤ እንደ ደረሰኝ፣ ከእያንዳንዱ ሽንፈት ጋር ትሰጠኛለች። ከአጠገባችን ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች ሳይቀሩ ሸመደዷት። እኔን የሚያናድደኝ ሽንፈቱ አልነበረም። ያ ተረት ውሸት መሆኑ ነው። ኮምፒውተሩን ብትጠይቁት አራቱ ወታደሮች ከቆሙ በኋላ የሚሻለው ነጩ ነው ይላል። በብዙ አይደለም፤ ግን ይሻላል። መሬት ሰፊ መሆኑ ጥፋት ቢሆን ኖሮ ነጩ ገና በአምስተኛው እርምጃ ተበላሽቶ በተገኘ ነበር። አልተበላሸም። የሚበላሸው በኋላ ነው፣ በሌላ ምክንያት፣ በእኔ እጅ።

ስለዚህ ነገር ከጋሼ ጋር የተከራከርነው ክርክር አያልቅም። የእርሳቸው ዋና ማስረጃ የአይስላንዷ ሬይክያቪክ ናት። እዚያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1972 በአሜሪካዊው ፊሸርና በሶቪየቱ ስፓስኪ መካከል በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና፣ በአሥራ ሦስተኛው ጨዋታ ፊሸር ይህንኑ ፈረስ ወደ ኤፍ6 አወጣ። ስፓስኪ መሐሉን ለመሙላት አልሮጠም፤ በአራተኛው እርምጃ ሲ4ን ትቶ ፈረሱን በሥርዓት ኤፍ3 ላይ አቆመ።

«አየህ?» ይላሉ ጋሼ። «የዓለም ሻምፒዮን ያልደፈረውን አንተ ትደፍራለህ።»

«ታዲያ ተሸንፎ የለም እንዴ!»

እውነት ነው፣ ተሸነፈ። ሰባ አራት እርምጃ የፈጀ ጨዋታ ነው፤ መጨረሻው ላይ የፊሸር ግንብ ጂ8 ላይ እንደ እስረኛ ተቆልፎበት ንጉሡና ወታደሮቹ ብቻቸውን ጨዋታውን ጨረሱት። እንዲህ ያለ ውበት ሌላ ቦታ አላየሁም፤ ጋሼ ጨዋታውን ከእነ ሁሉም እርምጃው በቃላቸው ያውቁታል፣ ቡና ቤቱ ባዶ የሆነ ቀን ከራሳቸው ጋር ይጫወቱታል። ለክርክራችን ግን ምንም አይፈይድም። ጠንቃቃውም ተሸንፏል፤ ስለ ደፋሩ የሚናገረው ነገር የለም።

የኔ ችግር ሌላ ቦታ ነበር። እስቲ አንድ የተለመደ ቅዳሜን ላሳይ።

አራቱ ወታደሮቼ እንደቆሙ ጋሼ ኢ5 ላይ ይበላሉ፤ በኤፍ ወታደሬ መልሼ እበላለሁ። ሌላውን ፈረሳቸውን ሲ6 ያወጣሉ። እዚህ ጋ ፈረሴን ኤፍ3 ላይ ማውጣት ያምራል፤ ሦስት ቅዳሜ ካቃጠለኝ በኋላ ግን ተውኩት፤ ቢሾፓቸው ጂ4 ላይ መጥቶ ፈረሴን ሰቅሎ ይይዘውና ዲ4 ያለ ዘበኛ ይቀራል። ስለዚህ በመጀመሪያ ቢሾፔን ኢ3 ላይ አቆማለሁ። የእርሳቸው ቢሾፕ ኤፍ5 ይወጣል። ፈረሴ ሲ3፤ እርሳቸው ኢ6። ሌላው ፈረሴ ኤፍ3፤ ሌላው ቢሾፓቸው ኢ7። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው፤ ሦስት ወታደሮቼ ሲ4፣ ዲ4፣ ኢ5 ላይ ገዢ መሬቱን ይዘዋል፣ የጋሼ ሠራዊት ከበስተኋላ ተጠጋግቶ ተሰብስቧል።

አሥረኛው እርምጃ የእኔ ነው። እኔም ልማዴን አደርጋለሁ፤ ቢሾፔን ኢ2 አወጣለሁ፣ ቀጥዬ ንጉሤን ጥግ አስገባለሁ። እርሳቸውም ንጉሣቸውን ያስገቡና ከዚያ ያቺን የተረገመች ኤፍ6ን ይገፏታል። ኢ5 ላይ ያለውን ወታደሬን መጠበቅ አይቻልም፤ እበላለሁ፤ በቢሾፕ ይመልሳሉ። አሁን መሐል ላይ የቀሩኝ ሁለት ናቸው። ያ ቢሾፕ ኤፍ6 ላይ ሆኖ ዲ4ን ያያል። ፈረሳቸው ከሲ6 ዲ4ን ያያል። ንግሥቴን ዲ2 አደርጋለሁ። የእርሳቸው ኢ7። ግንቤን ዲ1 አመጣለሁ። የእርሳቸው ግንብ ዲ8፤ እርሱም ዲ4ን ያያል። ቁጠሩ፤ አንዲት ዲ4 ላይ ያለች ወታደር ሦስት ጠላት መጥቶባታል። የሚጠብቃት ኢ3 ላይ ቢሾፕ፣ ኤፍ3 ላይ ፈረስ፣ ዲ2 ላይ ንግሥት፣ ከንግሥቲቱ ኋላ ግንብ። አንዲትን ወታደር አራት ሹማምንት ከበው ዘብ ቆመዋል። እዚያች ጥግ ላይ «ተቀጥቶ» የነበረው የቢ6 ፈረስ ደግሞ ሲ4ን እያየ ነው፤ ኢ2 ያለው ቢሾፔም እርሷን ለመጠበቅ ታስሯል።

ይህ ገና ሽንፈት አይደለም። ኮምፒውተሩ እኩል ናችሁ ይላል። ግን ከዚህ በኋላ የማስበው ነገር ሁሉ «ይህን ባነሳ ማን ይበላል?» ሆኗል። ጋሼ በየትኛውም እርምጃ ሐሳብ ሊለውጡ ይችላሉ፤ ዛሬ ዲ4፣ ነገ ሲ4፣ ከነገ ወዲያ ንጉሤ። እኔ አልችልም። የእርሳቸው ሠራዊት የሚተጣጠፈው እንጨቶቻቸው ከእኔ ስለሚሻሉ አይመስለኝም፤ ምንም የሚጠብቁት ነገር ስለሌላቸው ነው። ካሣው ይህ ነበር። ሦስት የፈረስ እርምጃ ከፍለው የገዙት የእኔን ዘበኝነት ነው።

የምሠራው የሒሳብ ሥራ ነው። የሌላ ሰው ገንዘብ በየወሩ መጨረሻ በቦታው መኖሩን አረጋግጬ እፈርማለሁ። ሃያ ዓመት እንዲህ ስኖር ያለኝን ማየት የለመድኩት ሊጠፋ እንደሚችል ነገር ነው። ባለቤቴ አንድ ጊዜ አዲስ ምንጣፍ ገዝተን ሳሎን ባነጠፍን ቀን ጫማዬን አውልቄ በምንጣፉ ዳር ዳር ስሄድ አይታ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። ቼዝን ከኑሮ ጋር የሚያመሳስል ጽሑፍ አልወድም፤ ሁሉም ነገር ቼዝ ነው የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ቼዝ አይችልም። ይሁን እንጂ ያንን ምንጣፍ አሥረኛው እርምጃ ላይ አየዋለሁ።

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ መብራት ይዞ በሄደበት አንድ ማታ፣ በስልኬ ያንኑ አቋም ከፍቼ ስመለከት ያንን ቢሾፕ ኢ2 ላይ ከማስቀመጥ ሌላ ምን አለ ብዬ ጠየቅሁ። ያለው ነገር ዲ5 ነው። ወታደሩን የበለጠ መግፋት። መጀመሪያ ሳየው ሳቅኩ፤ «ተስፋፍተሃል» ለሚባል ሰው እንዴት «ጨምርበት» ተብሎ ምክር ይሰጣል? ግን ሁለት ሳምንት ቁጭ ብዬ አየሁት። ዲ5 የሚለው ነገር ወታደሮቹ ርስት አይደሉም ነው። ከተቀመጡ ጋሼ ይበሏቸዋል፤ ስለዚህ ሳይበሏቸው እነርሱ ይብሉ። መሐሉን ለማቆየት የሚደረገው ሙከራ ነው መሐሉን የሚያሳጣኝ፤ ዲ5 ደግሞ ከመነሻው መሐሉን ይበትነዋል፣ በምላሹ የጋሼ ንጉሥ ገና ጥግ ሳይገባ መንገዱን ይከፍትበታል።

መስከረም ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ አደረግሁት። አሥረኛው እርምጃ፣ ዲ5፣ ቋ።

ጋሼ ፊታቸውን ከመስኮቱ መለሱ።

በወታደር በሉ፤ በሲ ወታደሬ በላሁ። ፈረሳቸው ቢ4 ላይ ገባ፤ ሲ2 ላይ ሊፈነጥዝብኝ ነው። ፈረሴን ዲ4 ላይ ተከልኩ። ቢሾፓቸው ወደ ዲ7 አፈገፈገ። ከዚያ ኢ6። በወታደር በሉ፤ እኔም በወታደር በላሁ። አስተናጋጁ የሦስተኛውን ሲኒ አስቀምጦ ቆሞ ቀረ፤ ሰሌዳው መሐል ላይ ያየው የለመደውን አልነበረም። ከአራቱ ወታደሮች አንድ ብቻ ቀርቷል፤ እርሱም ኢ6 ላይ፣ በጠላት ደጃፍ፣ ብቻውን። ቢሾፓቸው ሲ6 ላይ ዞሮ ግንቤን በረጅሙ መስመር አነጣጠረ። እኔ ግንቤን ትቼ ንግሥቴን ጂ4 ወረወርኩ። ቢሾፕ ኤች4፣ ቼክ። ጂ3። ጋሼ ለረጅም ጊዜ አሰቡ። ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ የነበረው እጅ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። በመጨረሻ ሲ6 ያለውን ቢሾፕ አንስተው ኤች1 ላይ ያለውን ግንቤን በሉ።

ቋ።

ስምንት ዓመት ሙሉ ያንን ድምፅ ከእርሳቸው እጅ ሰምቼ አላውቅም።

ንጉሤን በረጅሙ በኩል አስገባሁ። ንግሥታቸው ኤፍ6 ወጣች። ኤች4 ላይ ያለውን ቢሾፓቸውን በላሁ፤ እርሳቸውም በመጨረሻ ንጉሣቸውን ጥግ አስገቡ። እስከዚህ ድረስ ያየሁት መንገድ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ማታ ማታ በስልክ ስመለከተው ቀላል መስሎኝ ነበር። ሜዳው ሁሉ ክፍት ነው፣ ሁለቱም ነገሥታት ብርድ ላይ ናቸው፣ ማንም ማንንም አይጠብቅም። እውነቱን ልናገር፣ ደስታው አሰከረኝ። ሁለት ጊዜ አሸናፊ መሰልኩ፤ አንድ ጊዜ በእርግጥም ሳልሆን አልቀርም፣ ቤት ሄጄ ኮምፒውተሩን ስጠይቀው ያለፈኝን እርምጃ አሳይቶኛል። ሠላሳ ሰባተኛው እርምጃ ላይ እጅ ሰጥቼ ንጉሤን አስተኛሁ።

የተለመደውን ተረት ጠበቅሁ። አልመጣም። ጋሼ ሰሌዳውን ወደ ኢ6 መልሰው አቆሙና ያንን ብቸኛ ወታደር በጣታቸው ጫፍ ነኩት።

«ይሄ የትኛው ነው? የኢው ነው?»

«የኢውማ መጀመሪያ ነው የተበላው፣ ጋሼ። የኤፉ ተክቶት ኢ6 ላይ ሞተ። የዲው ዲ5 ላይ።»

«ታዲያ ይሄ?»

ጣቴን ሲ2 ላይ አደረግሁ፤ ወደ ሲ4፣ ከዚያ ወደ ዲ5፣ ከዚያ ወደ ኢ6 ሳብኩት። የመጀመሪያ ቤቱ ዳር ላይ ነበር፤ ፈረሱን ለማባረር ብቻ የተላከ ወታደር። ጋሼ መንገዱን በዓይናቸው ሁለት ጊዜ ተከተሉት፤ የቀያሽ ዓይን ነው፣ አንድ ጊዜ ሄዶ አያምንም። የቡናውን ሒሳብ በዚያን ቀን እርሳቸው ከፈሉ፤ ደንባችን ተሸናፊ ይክፈል ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ገፋሁ። የጋሼ እጅ ከኪሳቸው ወጥቶ ወደ ፈረሱ ሄደ፤ በላዩ ላይ ትንሽ አንዣበበ። አልነካውም። ከዚያ ወደ ሌላው ጎን አልፎ የሲን ወታደር ሁለት ቤት ወደፊት አመጣ፣ ያለ ድምፅ።

«ፈረሱ ዛሬ ይረፍ» አሉና በመስኮቱ ወደ መንገዱ ማየት ጀመሩ።